«ጋዙ አልቋል» ከማለታችን በፊት

ከአዲስ አበባ ተነሥተን ለመስክ ልምምድ ወደ አዋሽ ስንወርድ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ገና ከጋራዥ መውጣቱ ነበር። ከጉዞው ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ማቀዝቀዣው «ጋዙ አልቋል» ተብሎ፣ በውስጡ የነበረው ጋዝ ወደ አየር ተለቅቆ፣ አዲስ ጋዝ ተሞልቶለትና ዋጋውም ተከፍሎ ነበር። መኪናው አስፋልቱ ላይ እየሮጠ ሳለ ከጋቢናው እስከ ኋላ ወንበር ቀዘቀዘ። አዳማ ደርሰን በመኪና መጨናነቅ ስንቆም ግን የሚወጣው አየር ሞቀ፤ ስንንቀሳቀስ ተመልሶ ቀዘቀዘ። መተሐራም ላይ እንዲሁ ሆነ። ከተማሪዎቻችን አንዷ ሾፌራችንን፣ «ጋሼ፣ ስንሄድ ቀዝቅዞ ስንቆም የሚሞቀው ለምንድን ነው?» ስትል ጠየቀቻቸው።

ይህ ጥያቄ ቀደም ሲል በጋራዡ ውስጥ ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡም ጋዙም ባልባከነ ነበር። መልሱን ለማግኘት በቅድሚያ የመኪና ማቀዝቀዣ እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት።

ሙቀት ተሸካሚው ፈሳሽ

መርፌ ከመወጋታችን በፊት ክንዳችን በአልኮል ሲጠረግ ቅዝቃዜ ይሰማናል። ምክንያቱ አልኮሉ ለመትነን የሚያስፈልገውን ሙቀት ከቆዳችን የሚወስድ መሆኑ ነው። የሸክላ እንስራ ውኃን የሚያቀዘቅዘውም በዚሁ መንገድ ነው። የመኪና ማቀዝቀዣም እንዲሁ ቅዝቃዜን አይፈጥርም፤ ሙቀትን ከውስጥ ወስዶ ወደ ውጭ ይጥላል እንጂ።

በበርካታ መኪኖች ውስጥ ይህን ሙቀት የሚሸከመው አር 134ኤ የተባለው ንጥረ ነገር ሲሆን፣ በባሕር ወለል የአየር ግፊት ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይፈላል። ግፊቱ ሲጨምር የሚፈላበት የሙቀት መጠንም ከፍ ይላል። በ3 ባር ገደማ ፍጹም ግፊት በዜሮ ዲግሪ፣ በ13 ባር ገደማ ደግሞ በ50 ዲግሪ ይፈላል። የማቀዝቀዣው ምስጢር በሙሉ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ይገኛል።

ኮምፕረሰሩ ጋዙን ጨምቆ ግፊቱንና ሙቀቱን ከፍ ያደርጋል። ጋዙ ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ወዳለው ኮንደንሰር ገብቶ ሙቀቱን ለውጭው አየር ይሰጥና ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል። ከዚያም ፈሳሹ በኤክስፓንሽን ቫልቩ ጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ግፊቱ በድንገት ይወርዳል፤ ይቀዘቅዛልም። ከክሩስኮቱ ጀርባ ባለው ኢቫፖሬተር ውስጥ የተሳፋሪውን ክፍል ሙቀት እየሳበ ይተንና እንደገና ወደ ኮምፕረሰሩ ይመለሳል።

ሕመሙን በምልክቱ መለየት

ሐኪም መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ሕመምተኛውን እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ እኛም ማቀዝቀዣውን በቅደም ተከተል ልንጠይቀው እንችላለን።

አንደኛ፣ አየር በበቂ መጠን ይወጣል ወይ? የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ሆኖ መጠኑ አነስተኛ ከሆነ ችግሩ ከጋዝ ጋር አይገናኝም። በአቧራ የተዘጋ የአየር ማጣሪያ ወይም የደከመ ንፋስ ሰጪ ሞተር ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ በደንብ ነፍሶ ቆይቶ የሚዳከም፣ ማቀዝቀዣው ለጥቂት ጊዜ ሲጠፋ ግን የሚያገግም ከሆነ ኢቫፖሬተሩ ላይ በረዶ መጋገሩን መጠርጠር ይገባል።

ሁለተኛ፣ ኮምፕረሰሩ ይነሣል ወይ? በአብዛኞቹ መኪኖች ማብሪያው ሲነካ የኮምፕረሰሩ ፍሪሲዮን «ጠቅ» ብሎ ይይዛል። ካልያዘ ፊውዙን፣ ሪሌዩንና የግፊት ማብሪያውን መፈተሽ ያስፈልጋል። የግፊት ማብሪያው ጋዙ በጣም ሲያንስ ወይም ግፊቱ ከመጠን በላይ ሲያልፍ ኮምፕረሰሩን የሚያቆም ጠባቂ ነው። በሽቦ አገናኝቶ ኮምፕረሰሩን በግድ ማስነሣት ጠባቂውን አሥሮ ሌባን እንደማስገባት ይቆጠራል። ቅባቱ በመስመሩ ውስጥ የሚዘዋወረው ከጋዙ ጋር ስለሆነ፣ ያለ ጋዝ የሚሠራ ኮምፕረሰር ያለ ቅባት የሚሠራ ነው።

ሦስተኛ፣ የሚሞቀው መቼ ነው? ስንሄድ ቀዝቅዞ ስንቆም የሚሞቅ ከሆነ ጋዙ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው፤ የጎደለው ኮንደንሰሩን የሚያቀዘቅዘው አየር ነው። መኪናው ሲሮጥ የመንገዱ ነፋስ በኮንደንሰሩ ውስጥ ያልፋል፤ ሲቆም ግን ይህን ተግባር የሚረከበው ቬንቲሌተሩ ነው። እርሱ ካልዞረ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ ግፊቱ ይንራል፣ ጠባቂውም ኮምፕረሰሩን ያቆመዋል። በጭቃና በአቧራ የተደፈነ ኮንደንሰርም ተመሳሳይ ምልክት ያሳያል።

አራተኛ፣ ጋዙ በእርግጥ ጎድሎ ከሆነ በየት በኩል ወጣ? ጋዝ እንደ ቤንዚን ተቃጥሎ አያልቅም። የጎደለው በፍጥነትም ሆነ በዝግታ ስላፈሰሰ ነው። በመገጣጠሚያዎች አካባቢ የሚታይ የቅባት ወዝ ጥሩ ጠቋሚ ነው፤ የሳሙና አረፋም ይረዳል። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ጋዝ መሙላት በቀዳዳ ባልዲ ውኃ እንደ መቅዳት ነው። በሌላ በኩል፣ በመኪናው ሥር የሚንጠባጠበው ንጹሕ ውኃ ከአየሩ ውስጥ የተለየ እርጥበት ስለሆነ ሊያሳስበን አይገባም።

የግፊት መለኪያው የማይነግረን

ማቀዝቀዣው ጠፍቶ ሳለ መለኪያ ገጥሞ «ግፊቱ ደህና ነው፤ ጋዙ ሙሉ ነው» ማለት የተለመደ ስሕተት ነው። በመስመሩ ውስጥ ጥቂትም ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስነው የሙቀት መጠኑ እንጂ የጋዙ ብዛት አይደለም። የኩሽና ጋዝ ሲሊንደር ግማሽም ሆነ ሙሉ ሲሆን ግፊቱ እምብዛም የማይለያየው፣ ይዘቱም በሚዛን የሚታወቀው በዚሁ ምክንያት ነው። የመኪናም ጋዝ በአምራቹ በተወሰነው ግራም ልክ በሚዛን መሞላት አለበት። ከልክ በላይ መሙላት ቅዝቃዜን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።

በደጋ ለምንኖር ሌላም ጥንቃቄ አለ። 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጋዝ ከመሞላቱ በፊት መስመሩ በቫኪዩም ፓምፕ ሲመጠጥ፣ መጻሕፍት የሚጠቅሱት 29 ኢንች ሜርኩሪ የባሕር ወለል ልክ ነው። በአዲስ አበባ ግን ፍጹም ባዶነት እንኳ ቢገኝ ተራው መለኪያ ከ22 እስከ 23 ኢንች አካባቢ ይቆማል። ይህን ያልተረዳ መካኒክ ደህናውን ፓምፕ ሊጥል፣ ወይም የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ሊውል ይችላል።

የሚለቀቀው ጋዝ ወዴት ይሄዳል?

እ.ኤ.አ. በ1940 ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፋብሪካ የተገጠመ ማቀዝቀዣ ያላቸውን አውቶሞቢሎች ለገበያ ሲያቀርብ የኮምፕረሰር ፍሪሲዮን ስላልነበራቸው፣ ማቀዝቀዣውን ለማቆም ሞተር አጥፍቶ ኮፈን ከፍቶ ቺንጋውን ማውለቅ ግድ ነበር። ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት ያገለገለው አር 12 ክሎሪን ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1974 ማሪዮ ሞሊና እና ሸርዉድ ሮውላንድ እንዲህ ያሉ ጋዞች የኦዞንን ንጣፍ እንደሚጎዱ አስገነዘቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 የሞንትሪያል ፕሮቶኮል ተፈረመ። ሁለቱ ሳይንቲስቶችም ከፖል ክሩትዘን ጋር እ.ኤ.አ. የ1995ን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ተተኪው አር 134ኤ ኦዞንን አይጎዳም፤ ነገር ግን በ100 ዓመት ስሌት ምድርን የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ1,300 እጥፍ በላይ ነው። አንድ አነስተኛ መኪና የሚይዘው ግማሽ ኪሎ ያህል ጋዝ ሲለቀቅ የሚያስከትለው ጉዳት፣ ከ250 ሊትር በላይ ቤንዚን ተቃጥሎ ከሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ይመጣጠናል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ የተደረሰው ማሻሻያ የእነዚህን ጋዞች አጠቃቀም ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ የታለመውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ አሮጌው ጋዝ በመሰብሰቢያ መሣሪያ ሊሰበሰብ ይገባዋል እንጂ በየጋራዡ ደጃፍ ሊለቀቅ አይገባም። መስመሩን ያለ ሙያ መክፈት ቆዳንና ዓይንን በቅዝቃዜ ይጎዳል። የኩሽና ጋዝን በምትኩ መሙላት ደግሞ ተቀጣጣይ ነገርን ከተሳፋሪው ጋር ማሳፈር ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነች ወዲህ የተበራከቱት የኤሌክትሪክ መኪኖችም ከዚህ ሳይንስ ውጭ አይደሉም። በእነርሱ ውስጥ ኮምፕረሰሩ የሚሠራው በከፍተኛ ቮልቴጅ ሲሆን፣ በብዙዎቹ ባትሪውንም ጭምር ያቀዘቅዛል። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ገመዶች ያለ ልዩ ሥልጠና መንካት ለሕይወት አደገኛ ነው።

ወደ መተሐራ እንመለስ። ሾፌራችን ኮፈኑን ከፍተው ማቀዝቀዣውን ሲያበሩ ኮምፕረሰሩ ያዘ፤ የኮንደንሰሩ ቬንቲሌተር ግን አልተነሣም። ፊውዙ ተቃጥሎ ነበር። ተመሳሳይ አምፔር ባለው ፊውዝ ሲተካ ቬንቲሌተሩ ዞረ፤ ስንቆምም ቅዝቃዜው ቆየ። ከጉዞው ስንመለስ ፊውዙን ያቃጠለው ያረጀ የቬንቲሌተር ሞተር ተለወጠ። ያለ ምክንያት የተለቀቀውን ጋዝ ግን የሚመልሰው አልነበረም።