ከአትላንታ እስከ ሴልማ፦ ከታዳጊ ልጅ ጋር የሚታቀድ የታሪክ ጉዞ

ከታዳጊ ልጅ ጋር በመኪና እየተጓዘ ታሪካዊ ቦታዎችን ለማየት የሚያስብ ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ ዕቅዱን የሚጀምረው የቦታዎችን ስም በመዘርዘር ነው፤ ጉዞው ለልጁ ትርጉም የሚኖረው ግን ቦታዎቹ በሚታዩበት ቅደም ተከተልና ልጁ በታሪኩ ውስጥ እኩዮቹን በማግኘቱ ነው። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የጆርጂያንና የአላባማን ከተሞች የሚያገናኘው መስመር ነው፤ ጥቁር አሜሪካውያን በዘር የሚለያያቸውን ሕግ ለማስወገድ ያካሄዱት የሲቪል መብቶች ትግል ዋና ዋና ምዕራፎች የተፈጸሙት በዚህ መስመር ላይ ሲሆን፣ በአትላንታና በአካባቢዋ ለሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦችም ቅርብ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

አጭሩ ዙር ከአትላንታ ወደ ሞንትጎመሪ 260 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ወደ ሴልማ 80፣ ከሴልማ ወደ በርሚንግሃም 145፣ ከበርሚንግሃም ወደ አትላንታ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ዙር ነዳጅ ቢቆጥብም ታሪኩን ያዘበራርቃል፤ በ1965 ሴልማ ውስጥ የሆነው በ1963 በርሚንግሃም ውስጥ ከሆነው ቀድሞ ይታያል፣ ሰልፈኞች ከሴልማ ወደ ሞንትጎመሪ በእግር የሄዱበትንም መንገድ መኪናው በተቃራኒው ይጓዝበታል። ስለዚህ ከሞንትጎመሪ አስቀድሞ ወደ በርሚንግሃም መውጣት፣ ከዚያ ወደ ሴልማ ወርዶ በሰልፉ አቅጣጫ ወደ ሞንትጎመሪ መመለስ፣ ምንም እንኳ 165 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጨምር፣ የተሻለ ነው። ይሁንና ይህን ውሳኔ ወላጅ ብቻውን ከሚወስን ሁለቱን መንገዶች ለልጁ አቅርቦ እንዲመርጥና ምክንያቱን እንዲናገር ቢያደርገው ይመረጣል፤ መንገዱን ራሱ የመረጠ ታዳጊ ከኋላ ወንበር ላይ በስልኩ ተጠምዶ የመዋሉ ዕድል ይቀንሳል። አትላንታ ውስጥ የሚገኘው የማርቲን ሉተር ኪንግ የትውልድ ቤት ለነዋሪው ሁልጊዜ ቅርብ ስለሆነ ለሌላ ቅዳሜ ሊተው ይችላል።

የመጀመሪያው ማረፊያ፣ ከሞንትጎመሪ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ተስኪጊ ነው። ቡከር ቲ. ዋሽንግተን በ1881 እዚህ ከመሠረተው የትምህርት ተቋም ተማሪዎች መካከል አብራሪው ጆን ሮቢንሰን ይገኝበታል፤ እርሱም በ1935 ኢትዮጵያ ገብቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን አነስተኛውን የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል የመራ፣ በ1944 ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን ያሠለጠነ፣ በ1954ም በአዲስ አበባ ያረፈ ሰው ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥቁር አብራሪዎች የሠለጠኑበት የሞተን ሜዳ ዛሬ ሙዚየም ሆኖ እዚያው ይገኛል።

ሞንትጎመሪ ውስጥ የሮዛ ፓርክስ ስም በየስፍራው ይነበባል። ፓርክስ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫዋን ለነጭ ተሳፋሪ አልለቅም ብላ በታኅሣሥ 1955 ስትያዝ የ42 ዓመት ሴት ነበረች፤ ከዚያ በኋላ የከተማዋ ጥቁር ነዋሪዎች ለ381 ቀናት አውቶቡስ ባለመሳፈር አድማ መቱ። ለታዳጊ ልጅ ግን ይበልጥ የሚቀርበው የክላውዴት ኮልቪን ታሪክ ነው፤ ይህች የ15 ዓመት ተማሪ ከፓርክስ ዘጠኝ ወር ቀድማ፣ በመጋቢት 1955፣ በዚያው ከተማ በተመሳሳይ ምክንያት ታስራለች። የትግሉ መሪዎች ምልክት አድርገው አልመረጧትም፣ ከምክንያቶቹም አንዱ ዕድሜዋ ነበር፤ በአውቶቡስ ውስጥ መለያየትን ባስቀረው የ1956 ክስ ግን ከከሳሾቹ አንዷ እርሷ ነበረች። ለፍትሕ የሚታገሉ ሰዎች ጀግናቸውን እንዴት ይመርጣሉ የሚለው ጥያቄ ከየትኛውም ማስጎብኛ ጽሑፍ የበለጠ ልጅን ያነጋግራል።

በርሚንግሃም የልጆች ከተማ ናት ማለት ይቻላል። በግንቦት 1963 ከአንድ ሺህ በላይ ተማሪዎች ክፍላቸውን ትተው ለሰልፍ ሲወጡ፣ ባለሥልጣናቱ ብዙዎቹን አስረው በቀሪዎቹ ላይ የእሳት አደጋ መከላከያ የቱቦ ውኃና የፖሊስ ውሾች ለቀቁ፤ በኬሊ ኢንግራም መናፈሻ የቆሙት ሐውልቶች እነዚያን ቀናት የሚያሳዩ ናቸው። ከመናፈሻው አጠገብ ባለው የ16ኛው መንገድ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በዚያው ዓመት መስከረም 15 ቀን በተጠመደ ቦምብ ሦስት የ14 ዓመትና አንዲት የ11 ዓመት ልጃገረዶች ተገደሉ፤ ከገዳዮቹ የመጨረሻው ፍርድ ያገኘው በ2002 ነው። እዚህ ወላጅ ዝም ብሎ ልጁን ቢከተል ይበቃል።

ስንቅን በተመለከተ፣ በተለይ በጾም ወራት፣ የሐበሻ ምግብ ቤት በየከተማው ስለማይገኝ ከቤት መያዝ ይመረጣል። ሙዚየሞች ሰኞ ቀን ብዙውን ጊዜ ስለሚዘጉ ቀኑን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ሞንትጎመሪ ውስጥ በ2018 የተከፈተው የሰላምና የፍትሕ መታሰቢያ፣ ከ800 በላይ የብረት ዓምዶች ላይ በመንጋ ፍርድ የተገደሉ ሰዎችን ስም የያዘ፣ ከባድ ጉብኝት ስለሆነ በአንድ ቀን ከሌላ ሙዚየም ጋር አለመደረቡ ይበጃል።

ሴልማ ላይ ከመኪና ወርዶ የኤድመንድ ፔተስን ድልድይ በእግር መሻገር ይገባል። ድልድዩ የተሰየመው ባርነትን ለማቆየት የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ጦር ጄኔራል በነበረ ሰው ነው፣ ስሙም እስከ ዛሬ አልተለወጠም። መጋቢት 7 ቀን 1965 የመምረጥ መብት የጠየቁ 600 ያህል ሰልፈኞች እዚያ በዱላና በአስለቃሽ ጢስ ተበተኑ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን በፍርድ ቤት ፈቃድ 87 ኪሎ ሜትሩን በአምስት ቀን ተጉዘው ሞንትጎመሪ ገቡ። መንገዱ በሚጠብበት ክፍል 300 ሰው ብቻ እንዲሄድ ተፈቅዶ ነበር፤ ሊንዳ ብላክሞን የተባለች ልጅ በዚህ ጉዞ ላይ ሳለች 15 ዓመት ሞላት። መኪናው ያንን መንገድ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል።

ሰልፈኞቹ የጠየቁትን የሚያስከብረው የመምረጥ መብት ሕግ በነሐሴ 1965 ሲፈረም፣ ያው ምክር ቤት ያጸደቀው የኢሚግሬሽን ሕግ በጥቅምት በዚያው ፕሬዚዳንት፣ በሊንደን ጆንሰን ተፈረመ፤ ይህ ሕግ በትውልድ አገር ላይ የተመሠረተውንና ለኢትዮጵያ በዓመት 100 ሰው ብቻ የመደበውን የኮታ ሥርዓት አስቀረ። ከሞንትጎመሪ ወደ አትላንታ የሚወስደው ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ወላጆች ራሳቸው በምን ፈቃድ፣ በየትኛው አገር አልፈው እንደመጡ ለልጁ ለማውራት ይበቃል። የአላባማ ሰዓት ከጆርጂያ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ በመልሱ አንድ ሰዓት ይጠፋል፤ በማግስቱ ትምህርት ካለ ከሴልማ በጠዋት መነሳት ግድ ነው።