ለሕፃናት የአፍንጫ አለርጂ በአፍንጫ የሚረጩ መድኃኒቶች፦ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ወቅቶች አንጻር

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ክረምቱ ሲወጣ ሣሩ ያብባል፤ ከኅዳር ወዲህ ደግሞ የገብስና የጤፍ ውቂያ አውድማውን በብናኝ ይሞላዋል። በእነዚህ ወራት የሚያስነጥሰው፣ አፍንጫውንና ዓይኑን የሚያሳክከው፣ ንፍጡ እንደ ውሃ የቀጠነ፣ ትኩሳት ግን የሌለው ሕፃን ብዙ ጊዜ ጉንፋን እንደያዘው ይታሰባል። ምልክቱ በየዓመቱ በዚያው ወቅት ከተመላለሰ ግን አለርጂን መጠርጠር ይገባል። (ዓይን የሚስበው አደይ አበባ ቢሆንም የእርሱን ብናኝ በአመዛኙ ነፍሳት ያጓጉዙታል፤ ነፋስ ወደ አፍንጫ የሚያደርሰው ይበልጡን የሣሩን ነው።) በ1997 እ.ኤ.አ. በላንሴት የታተመው የጅማ ጥናት አስም በከተማ ከገጠር ይልቅ በዝቶ መገኘቱን ቢያሳይም፣ ይህ የገጠሩን ሕፃን ሳይመረምሩ ለማሰናበት ምክንያት አይሆንም።

ዋናው ሕክምና በአፍንጫ የሚረጭ ስቴሮይድ ነው። መድኃኒቱ የአፍንጫውን ውስጠኛ ሽፋን ብግነት ቀስ በቀስ ስለሚያበርድ ሙሉ ውጤቱ እስኪታይ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በሁለት ቀን ለውጥ ያላየች እናት መድኃኒቱን ታቆማለች፤ በምትኩም አፍንጫን ወዲያው የሚከፍት እንደ ዛይሎሜታዞሊን ያለ ጠብታ ትገዛለች። ይህ ጠብታ ከጥቂት ቀናት በላይ ከተወሰደ አፍንጫውን መልሶ ይደፍነዋል፤ ለትንንሽ ሕፃናትም አይመከርም።

አረጫጨቱም ውጤቱን ይወስናል። ሕፃኑ ይናፈጣል፤ ራሱን በጥቂቱ ወደ ፊት ያዘነብላል። ቀኝ አፍንጫ በግራ እጅ፣ ግራው በቀኝ እጅ ይረጫል፤ ጫፉም ወደ ጆሮ አቅጣጫ እንጂ ወደ መካከለኛው ግድግዳ አይዞርም፤ ግድግዳው ላይ በተደጋጋሚ ሲረጭ ነስር ያስከትላልና። በኃይል መሳብም መድኃኒቱን ወደ ጉሮሮ ይወስደዋል።

ወላጆች ስለ እድገት የሚያነሡት ሥጋት መሠረተ ቢስ አይደለም። ቤክሎሜታሶንን በቀን ሁለት ጊዜ ለአንድ ዓመት የወሰዱ ከ6 እስከ 9 ዓመት የሆኑ ሕፃናት፣ መድኃኒት አልባ ርጭት ከወሰዱት በ0.9 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያነሰ ቁመት ጨምረዋል። ሞሜታሶን ግን ወደ ደም የሚገባው መጠን ከ1 በመቶ በታች ነው። ከ2 እስከ 11 ዓመት ላሉ ሕፃናት የሚታዘዘውም በቀን አንድ ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ቀዳዳ 50 ማይክሮግራም ነው። ያም ሆኖ ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሕፃን ቁመቱ በየጊዜው ሊለካ ይገባል።

ከነፋስ መውጫ፣ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ርቆ ለሚኖር ቤተሰብ ትክክለኛው የማዘዣ ጊዜ ማስነጠሱ ከጀመረ በኋላ ሳይሆን ሁለት ሳምንት ቀድሞ፣ በነሐሴ ነው።