«ሐላል ነው ወይ?» ስንል «ጦይብስ ነው ወይ?» እንበል



ለኢፍጧር ሳምቡሳ የማይጠበስበት ቤት ጥቂት ነው። በዚህ ወር ደጋግመው ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱም «ማርጋሪንና የአትክልት ቅቤ ሐላል ነው ወይ?» የሚል ነው። ብይኑን ለማወቅ በመጀመሪያ አሠራሩን እንወቅ።

ፈሳሽ ዘይትን የማርጋቱን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1901 ያገኘው ጀርመናዊው ኬሚስት ቪልሄልም ኖርማን ነው። በፋብሪካ ዘይቱ ይሞቃል፤ ደቃቅ ኒኬል ተጨምሮበት የሃይድሮጅን ጋዝ ይለቀቅበታል፤ በመጨረሻም ኒኬሉ ተጣርቶ ይወጣል። ዘይቱ እንደ ቅቤ ይረጋል፤ ቶሎም አይበላሽም።

ሃይድሮጅኑም ሆነ ኒኬሉ ምግቡን ሐራም አያደርጉትም። ዋናው ጥያቄ ስቡ ከምን እንደመጣ ነው። ከሱፍ፣ ከአኩሪ አተር ወይም ከፓልም ከሆነ ሐላል ነው። ከአሳማ ወይም በሸሪዓ ካልታረደ እንስሳ ከሆነ ግን ማርጋቱ አያነጻውም። ወይን ጠጅ በራሱ ጊዜ ኮምጣጤ ሲሆን ብይኑ ይለወጣል፤ ሌላ ነገር ሆኗልና። የረጋ ስብ ግን ያው ስብ ነው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራ 168ኛው አንቀጽ ሐላልን ከጦይብ ጋር አጣምሮ ጠቅሶልናል። ዘይቱ በከፊል ብቻ ሲረጋ ትራንስ ፋት የሚባል ስብ ይፈጠራል። ይህ ስብ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጥሩውን ዝቅ በማድረግ ለልብ ሕመም ይዳርጋል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ2.2 ግራም በታች እንዲወስድ ይመክራል፤ ይህም ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2003 በሕግ ገድባዋለች።

የረጋ ዘይት ሁሉ ግን እንዲህ አይደለም። የፓልም ዘይት በተፈጥሮው ይረጋል፤ እሱንም መጥኖ መጠቀም ይበጃል። ማርጋሪን፣ ብስኩት ወይም ዋፈር ስንገዛ መለያውን እናንብብ። «ፓርሻሊ ሃይድሮጂኔትድ» የሚል ካለበት እንተወው። ከዐረብ አገር በመጣ ዕቃ ላይ «ሙሀድረጅ ጁዝኢየን» ተብሎ ይጻፋል፤ ቁርኣን የሚቀራ ልጃችን ፊደሉን ለይቶ ያነብልናል።

ቀኑን ሙሉ ለአላህ ብለን ከሐላሉ ምግብ እንኳ እንታቀባለን። ማታ ደግሞ ልባችንን የሚጎዳውን መተው አያቅተንም። አካላችን የተሰጠን አማና ነው፤ ለልጆቻችን የምናቀርበው ምግብም እንዲሁ።

አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ሲሳያችንን ሐላልም ጦይብም ያድርግልን። አሚን።