ሃያ ሽያጭ በአንድ ስክሪንሾት

ቂርቆስ ወይም ካዛንችስ ካፌ ገብታችሁ ስልኩ ላይ ያጎነበሰ ወጣት ብታዩ፣ ሁሉም ቲክቶክ እያየ እንዳይመስላችሁ። አንዳንዱ ሱቁን ከፍቶ ነው። እኔም አንዱ ነኝ፤ የፐብጂ ዩሲ፣ የፍሪ ፋየር ዳይመንድና የቴሌግራም ፕሪሚየም እሸጣለሁ። የሱቅ ኪራይ የለብኝም፤ ኪሳራ ግን አለ።

እስኪ ሒሳቡን እንሥራው። በ1,000 ብር የገዛሁትን በ1,050 ብሸጥ ትርፌ 50 ብር ናት። አንዱ ገዢ ሳይከፍል ቢሰወር፣ የሄደችውን 1,000 ለመመለስ 20 ጊዜ በሰላም መሸጥ አለብኝ። ጫማ ቢሆን ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ አንዴ የተሞላ ዳይመንድ ግን ሄደ ማለት ነው።

ስለዚህ ስክሪንሾት ለእኔ ብር አይደለም። ፎቶ ኤዲት ይደረጋል፤ "ገቢ ሆኗል" የሚል የውሸት ኤስኤምኤስም ይላካል። ቴሌብርም ሆነ ባንክ፣ አፑን ራሴ ከፍቼ ገንዘቡ መግባቱን ሳላይ አልሞላም። "ወንድሜ ፍጠን፣ ጌሙ ሊጀምር ነው" ካለኝማ ይበልጥ እጠነቀቃለሁ።

ከአቅራቢ ስገዛ ደግሞ ቀድሜ የምከፍለው እኔ ነኝ። 10,000 ብር ባንዴ አልክም፤ 2,000 ልኬ ዕቃው ሲደርሰኝ ቀጣዩን እልካለሁ። ቢክደኝ የማጣው 2,000ውን ነው። የሰፈር ባለሱቅ ቢያታልላችሁ በሩ ላይ ሄዳችሁ ትቆማላችሁ፤ ቴሌግራም ላይ ብሎክ ያደረጋችሁን ሰው በሩን የት ታገኙታላችሁ? ዕቁብ እንኳ ቀድሞ የደረሰው ሰው ዋስ ይጠራል። አዲስ አቅራቢ ሲሆን እኔም የማውቀው ሰው መሐል ገብቶ ብሩን እንዲይዝ አደርጋለሁ። ሻጩ ይዞት የመጣው "ሚድልማን" ራሱ ሻጩ ሊሆን ይችላል።

ምንዛሪውንም አትርሱ፤ የዚህ ዕቃ መነሻ ዋጋ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን በባንክ ከ74 ብር አለፈ። እንዲህ ባለ ቀን በድሮው ዋጋ ብር ተቀብሎ ዕቃውን ገና ያልገዛ ነጋዴ ልዩነቱን ከኪሱ ይሞላል። ለዚህ ነው ዋጋዬ ለዕለቱ ብቻ የሚሠራው፤ ለሳምንት የሚቆይ ትዕዛዝም አልቀበልም።

እናንተም ብር ከመላካችሁ ወይም ዕቃ ከመልቀቃችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ ቢጠፋ በስንት ሽያጭ ይመለሳል? መልሱ ካስደነገጣችሁ መጠኑን ቀንሱ።