የመብራት ፋቱራ ሲበዛ ጥፋቱ የማን ነው?

በዚህ ዕትማችን በሪያድ፣ በተለይም በሺፋ ሠፈር ያላችሁትን ስለሚያስጨንቅ ጉዳይ እንነጋገራለን። በሐምሌና በነሐሴ የመብራት ፋቱራ ሲመጣ በብዙ ቤት ጭቅጭቅ ይነሣል። «ሙከይፉን ሌሊቱን ሙሉ የምታስኬጅው አንቺ ነሽ» ትላለች ማዳም። እኅታችንም ፈርታ ታጠፋዋለች፤ ጣሪያ ላይ ባለች ክፍሏም በላብ ተነክራ ታድራለች። ለመሆኑ ጥፋቱ የእርሷ ነው?

በመጀመሪያ ሙቀቱ ከየት እንደሚገባ እንይ። በሪያድ የበጋ ቀን ሙቀቱ አንዳንዴ ከ45 ዲግሪ ያልፋል። ጣሪያውና ግድግዳው ቀኑን ሙሉ የጠጡትን ሙቀት ፀሐይ ከገባች በኋላ ወደ ውስጥ ይለቁታል። ጣሪያ ላይ ያለች ክፍል በሌሊትም የምታቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው። ሙከይፍ ደግሞ ሙቀትን ወደ ውጭ የሚያስወጣ መሣሪያ ነው፤ ቤቱ ሙቀት ካስገባ ዕረፍት አያገኝም።

የሳዑዲ መንግሥት ይህን ተረድቶ እ.ኤ.አ. በ2010 አዳዲስ ቤቶች ሁሉ የሙቀት መከላከያ እንዲኖራቸው አዘዘ። ይህ መከላከያ አሠሪዎቻችሁ «አዝል» የሚሉት ነው፤ በጣሪያና በግድግዳ ውስጥ የሚገባ ፎም ወይም የመስታወት ሱፍ፣ በመስኮት ደግሞ ድርብ መስታወት ነው። አዝል የሌለው አዲስ ቤት መብራት አይገባለትም። በዚያው ዓመት የተቋቋመው የኃይል ቁጠባ ማዕከልም በ2019 ቁጠባ ያለው ሙከይፍ ለሚገዙ ዜጎች 900 ሪያል የሚደጉም መርሐ ግብር ጀመረ።

ነገር ግን በሺፋ ከሕጉ በፊት የተሠሩ ብዙ ቤቶች አሉ። እነዚህን ሕጉ አልደረሰባቸውም። እንግዲህ ፋቱራውን የሚያበዛው አንዱ ነገር ግድግዳው ራሱ ነው ማለት ነው።

ሒሳቡንም እንመልከት። ከ2018 ጀምሮ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በወር እስከ 6000 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ለእያንዳንዱ 18 ሃላላ፣ ከዚያ በላይ ላለው 30 ሃላላ ነው፤ 15 በመቶ ታክስም ይጨመርበታል። አንድ የመስኮት ሙከይፍ በቀን 24 ኪሎዋት ሰዓት ቢፈጅ በወር 720 ይሆናል። ይህም ከነታክሱ 149 ሪያል ያህል ነው። ሳሎኑ፣ መኝታ ቤቶቹና መጅሊሱ እያንዳንዳቸው ሙከይፍ ካላቸው፣ የሺው ሪያል ፋቱራ ከአንዲት ትንሽ ክፍል አልመጣም።

እኛ ምን ማድረግ እንችላለን?

1. የሙከይፉን ፊልተር በየሁለት ሳምንቱ ማጠብ። መጀመሪያ አጥፉት፣ ሶኬቱንም ንቀሉ። ከፍ ያለ ቦታ ከሆነ ግን በወንበር ላይ ወንበር ደርባችሁ አትውጡ፤ በመስኮትም ወደ ውጭ አትንጠልጠሉ።

2. ቁጥሩን 24 ላይ ማድረግ። 16 ላይ ማድረጉ ክፍሉን ቶሎ አያቀዘቅዘውም፤ መሣሪያውን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል እንጂ።

3. ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ በሚመታው መስኮት ወፍራም መጋረጃ መዝጋት፤ በበር ሥር ያለውንም ክፍተት በጨርቅ መድፈን።

4. ሰው የሌለበትን ክፍል ሙከይፍ ማጥፋት።

እነዚህን ስታደርጉ ለማዳም ንገሯት። ሥራችሁን ስታይ ንግግሩ ይለሰልሳል። አሠሪዎቻችሁ አዲስ ሙከይፍ ሊገዙ ከሆነም ከለጠፋው ላይ አረንጓዴውን ደረጃ እንዲመርጡ ማስታወስ አይከፋም።

እናንተ ግን ለመቆጠብ ብላችሁ በሙቀት አትታመሙ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማስመለስ ከመጣ ቶሎ ወደ ቀዝቃዛ ክፍል ግቡ፣ ውኃ ጠጡ፣ ሰውነታችሁን በውኃ አርጥቡ። ሰው ከተዘባረቀ ወይም ራሱን ከሳተ 997 ደውላችሁ አምቡላንስ ጥሩ። በ2024 ሥራ ላይ የዋለው የቤት ሠራተኞች ደንብም ተስማሚ መኖሪያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ መሆኑን ይናገራል። ፋቱራ በዛ ተብሎም ደመወዝ አይቆረጥም።

ስለዚህ እኅቶቻችን፣ ቆጥቡ፤ ያልሠራችሁትን ጥፋት ግን አትሸከሙ።