ውሻው ሲገደል አብሮ የሚቀበረው

ጅማም ይሁን አጋሮ፣ ሰቃ ጨቆርሳም ይሁን ሊሙ ገነት፣ ውሻ ሰው ነከሰ በተባለ ቁጥር የሚነሳው ክርክር ያው ነው። «ሕግ የለም» የሚል አለ። «ማዘጋጃ ቤቱ ያጥፋልን» የሚል አለ። «የማንም ያልሆነ ውሻ ነው፤ ማንን ልትከስ ነው?» ብሎ ነገሩን የሚዘጋም አይጠፋም። እንደኔ ሦስቱም ዋናውን ይስቱታል። ነገሩ የሚበላሸው ሕግ ዘንድ ሳይደርስ፣ ንክሻው በደረሰ በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ከሕጉ ልጀምርና ቶሎ ልለፈው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው በድንገት ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ ይደርሳል ተብሎ ባይታሰብም። ስለዚህ ተነካሹ ባለቤቱ ማጥፋቱን እንዲያስረዳ አይጠየቅም። ባለቤቱ ኃላፊነቱ የሚቀልለት ጥፋቱ በሙሉ ወይም በከፊል የተጎጂው ራሱ ሲሆን ነው። ቸልተኝነት ካለበት ደግሞ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 559 በቸልተኝነት የሚደርስ የአካል ጉዳትን ያስቀጣል። ከዚህ የጠበቀ ሕግ ምን ያደርጋል? አንድ የሚገርመኝ ቁጥር ግን አለ፤ 2074። ባለቤቱ ጥፋት ከሌለበት እንስሳውን ለተጎጂው አስረክቦ ከኃላፊነት እንዲወጣ ይፈቅድለታል። ለወጋ በሬ ያስኬዳል፤ በሬ ተሸጦ ሐኪም ቤት ይከፈልበታል። የነከሰ ውሻ የተረከበ ሰው ግን ምን ያድርገው?

አሁን ወደ ቡና መፈልፈያ ጣቢያው እንሂድ። በለቀማ ወቅት እሸቱ ተፈልፍሎና ታጥቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። ቀን ቀን ሴቶች ከአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው ብልሹውን ፍሬ ይለቅማሉ፤ ሌሊት ቦታው የዘበኛና የውሻ ነው። ውሻውን ገንዘብ አውጥቶ የገዛው የለም። ዘበኛው ከምሳው የተረፈውን ይጥልለታል፤ ቀን ከአልጋው ሥር ጥላ ይዞ ይተኛል፤ ሲመሽ ይነቃል። አንዲት ለቃሚ ልጅ የቀኗን እሸት በጆንያ ተሸክማ ለሚዛን መሸት ብሎባት ደረሰች እንበል። ውሻው ከአልጋው ሥር ወጥቶ ባቷን ያዛት። ጩኸት ተሰማ፤ ሰው ተሰበሰበ፤ ድንጋይና ዱላ ወጣ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ውሻው ሞቶ ገደል ተጣለ፤ ሌሊቱን ጅብ ጨረሰው። ሁሉም እፎይ አለ፤ ፍርድ የተሰጠ መሰለው።

የተፈረደው ግን በልጅቷ ላይ ነው። የነከሰ ውሻ ታስሮ ለ10 ቀናት ቢጠበቅና ጤነኛ ሆኖ ቢቆይ፣ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ የእብድ ውሻ በሽታ አላስተላለፈም ማለት ነው። ክትባት ወዲያው ይጀመራል፤ ውሻው ደህና ከሆነ ግን ሊቋረጥ ይችላል። ቢሞት እንኳ ጭንቅላቱ በበረዶ ተይዞ አዲስ አበባ ቢላክ አንጎሉ ይመረመራል። ጅብ ከበላው በኋላ የሚመረመር የለም፤ ክትባቱን እስከ መጨረሻው መውሰድ ግድ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን፣ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛው፤ እንደ አሰጣጡም በ28ኛው። ክትባቱ በየጤና ጣቢያው ሁልጊዜ ስለማይገኝ ከጌራ ወይም ከጎማ ገጠር ጅማ ድረስ መመላለስ ሊመጣ ነው። ለቃሚ የሚከፈላት በኪሎ ነው፤ ያልለቀመችበት ቀን ክፍያ የለውም። ያ ሁሉ ወጪ ውሻው በሕይወት ቢኖር ምናልባት በግማሹ ይቀር ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ከውሻው ጋር ባለቤቱም መጥፋቱ ነው። ውሻው በሕይወት ሳለ ማታ የሚገባበት ግቢ፣ ሲጠሩት የሚሄድለት ሰው አለ፤ ያ ራሱ ማስረጃ ነው። ከሞተ በኋላ «የኔ አይደለም፣ የመንገድ ውሻ ነው» ማለት ምንም አያስከፍልም። ምዝገባ የለም፣ በአንገቱ ምልክት የለም፣ የክትባት ካርድ የለም። የጣቢያው ባለቤት የዘበኛው ነው ይላል፤ ዘበኛው ራሱ የመጣ ነው ይላል። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንደሚባለው፣ ይህ ውሻ የጮኸው ለማን ቡና እንደሆነ ግን ሁሉም ያውቃል። ሕጉም የተዘጋጀበት ይመስላል፤ በቁጥር 2072 እንስሳውን ለራሱ ጥቅም ብሎ የያዘ ሰው በእጁ ሳለ ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና እንዳይሰረቅ ውሻ ሲያድርለት የከረመ ነጋዴ ከዚህ ቁጥር የሚያመልጥበት መንገድ አይታየኝም።

የከተማ አስተዳደሮች መንገድም ከመንጋው ብዙ አይለይም። በየጊዜው መርዝ በሥጋ ለውሶ መበተን በሀገራችን ከተሞች የቆየ ልማድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግን መግደል በሽታውን እንደማይገታ፣ የሚገታው ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉን መከተብ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። የተከተበውም ያልተከተበውም አብሮ ሲመረዝ፣ ውሻውን ያስከተበ ሰው በከንቱ ለፋ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ለምን ያስከትባል? በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው ከውሻ የሚመጣ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን የለም ማለት ይቀላል። ለዚህ ነው ቁስሉን ወዲያው በውሃና ሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብ ማንኛውም ሽማግሌ ከመጠራቱ በፊት የሚመጣው። ብሳና ቀጥቅጦ የሚሰጥ አዋቂ ቤት ሲዞሩ የሚባክነው ቀን አይመለስም። በዕድሜ የገፉት ሰዎች ሐኪም ቤት የሚፈሩት ደግሞ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከበግ አንጎል ይሠራ የነበረውንና ለ14 ቀናት በተከታታይ ሆድ ላይ ይወጋ የነበረውን የድሮውን ክትባት ያስታውሳሉ። የዛሬው ክንድ ላይ የሚወጋ ነው።

ሁሉም ባለ ውሻ የቡና ነጋዴ አይደለም፤ እዚህ ላይ እኔም እጠራጠራለሁ። በጫካው ዳር በቆሎውን ከዝንጀሮና ከከርከሮ የሚጠብቅ ገበሬ ያለ ውሻ አዝመራ አይሰበስብም። እሱን ሙሉ ካሳ ክፈል ማለት ከልጆቹ ቀለብ ቀንስ ማለት ሊሆን ይችላል። በሌሊት አጥር ዘልሎ የገባን ሰው የነከሰ ውሻና በጠራራ ፀሐይ ተማሪ የነከሰ ውሻም እኩል አይታዩም። ስለዚህ ካሳው እንደ ሁኔታው ቢለያይ ቅር አይለኝም። የሕክምናውና የመመላለሻው ወጪ ግን ለድርድር የሚቀርብ አይመስለኝም፤ ድሃም ሆነ ሀብታም ውሻውን ለ10 ቀናት አስሮ ማቆየት ደግሞ ለማንም አይከብድም፤ ገመድ ብቻ ይበቃል።

ይህን ማስፈጸም የሚችለው ማነው? ለ5 መርፌና ለመሳፈሪያ ብሎ ወረዳ ፍርድ ቤት የሚመላለስ ሰው ጥቂት ነው፤ ክሱ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበም በይርጋ ይታገዳል። ኦሮሚያ ክልል በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 240 ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች እውቅና ሰጥቷል፤ ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። የመንደሩ ሽማግሌ ውሻው የማን ደጅ እንደሚያድር ወረቀት ሳይጠይቅ ያውቃል፤ «የኔ አይደለም» የሚለው ቃል እዚያ አያዋጣም። ስጋቴ ሌላ ነው፤ ጊዜው። ዕርቅ በመጀመሪያው ሳምንት ይቋጫል፣ ለቁስሉ ማጠቢያና ለአንድ ቀን መሳፈሪያ የሚሆን ብር ይሰጣል፣ «ከእንግዲህ አንጠያየቅም» ተብሎ ይመረቃል። በዚያ ሰዓት ልጅቷ የወሰደችው ምናልባት ሁለተኛውን መርፌ ነው። የቀሩት መርፌዎች፣ የቀሩት ጉዞዎችና ሳይለቀም የዋለው እሸት ከምርቃቱ በኋላ የሚመጡ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ዕርቁን እስከ መጨረሻው ክትባት ቢያቆዩት፣ ውሻውም እስከዚያው በባለቤቱ ግቢ ታስሮ ቢቆይ፣ ሒሳቡ የሚሠራው በታወቀ ወጪ ላይ ይሆናል።