ከማንቡክ አሶሳ፦ 250 ለማይሞላ ርቀት የ1,000 ኪሎ ሜትር ጉዞ

ማንቡክ ላይ ሰሊጥ ከመዝራት ይልቅ የእርሻውን ጉዳይ አሶሳ ሄዶ ማስጨረስ የሚከብድበት ጊዜ አለ።

በመተከል ዞን የዳንጉር ወረዳ ከተማ የሆነችው ማንቡክና የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርዕሰ ከተማ አሶሳ በአየር መስመር ሲለኩ ርቀታቸው 250 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በረራ ቢኖር አንድ ሰዓት የማይፈጅ ነው። ይሁን እንጂ ማንቡክ መደበኛ የመንገደኛ በረራ የላትም፤ በሁለቱ ከተሞች መካከልም አባይ ተጋድሟል።

በመሆኑም ባለጉዳዩ ከሁለት አንዱን ይመርጣል። የመጀመሪያው በቻግኒ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬ፣ በነቀምቴና በመንዲ ዞሮ የሚያደርሰው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የመኪና መንገድ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ በመኪና ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት፣ ከዚያም 475 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ አሶሳ መብረር ነው። በረራው ከአንድ ሰዓት ብዙ አይዘልም፤ ጊዜውን የሚበላው እስከ ቦሌ ያለው መንገድ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ከ1,000 ኪሎ ሜትር ያልፋሉ፤ መልሱ ሲታከልበት እጥፍ ይሆናል።

የችግሩ ምንጭ የቆየ ነው። መተከል ቀድሞ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር ስለነበር መንገዱም ገበያውም ወደ ምሥራቅ የተዘረጋ ነበር። አስተዳደሩ ወደ አሶሳ ሲዞር ንግዱ በነበረበት ቀረ። ዛሬም የዳንጉር ሰሊጥና ለውዝ በቻግኒ በኩል ይወጣል፤ የክልል ፊርማና ማኅተም ግን ከአባይ ማዶ ነው።

ይህ ለነጋዴው የሒሳብ ጉዳይ ነው። ሰሊጥ የሚዘራው በክረምቱ መግቢያ በመሆኑ በግንቦት ያላለቀ ወረቀት ምርቱን ለከርሞ ሊያሻግረው ይችላል። የባንክ ወለድ ግን ዝናብ አይጠብቅም። ከትኬቱ በተጨማሪ አበል፣ አልጋና ከሥራ የተለዩበት ቀን ከኩንታሉ ትርፍ ላይ ይቀነሳሉ።

ተስፋው ያለው በጉባ በኩል ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በሁለቱ ከተሞች መካከል ይገኛል፤ በአየር መስመር ከማንቡክ 120፣ ከአሶሳ ደግሞ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ለግንባታው ሲባል ከሁለቱም ወገን መንገድ ተከፍቷል፤ በወንዙም ላይ ድልድይ ተሠርቷል። ይህ መስመር ለንግድ ተሽከርካሪ ዘወትር ቢያገለግል የአዲስ አበባው ዙር ይቀር ነበር።

ይሁን እንጂ አስፋልት ብቻውን በቂ አይሆንም። በ2013 ዓ.ም. መተከል በኮማንድ ፖስት ሥር እስከመግባት ያደረሰው ግጭት እንዳሳየው፣ ሾፌር የሚጭነው ኪሎ ሜትሩን ብቻ ሳይሆን ሰላሙንም አይቶ ነው። በዳንጉር እርሻ የሚያስብ ባለሀብትም ከመሬቱ ኪራይ ጎን ለጎን የአሶሳን ምልልስ በበጀቱ ቢይዝ ይበጀዋል።